ወደ ላይ ውደቁ

በእኛ ከተማ ሰው እንዲሁ አይወድቅም። መጀመሪያ የት እንደቆመ ያያል፤ ቀጥሎ መስመሩ በየት በኩል እንደሆነ ያያል፤ ከዚያ ይወድቃል። እንግዳ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ። እኛም ብዙ ስቀናል፤ የሳቅነው ግን ያልወደቅነው ነን።

ትርንጎ እባላለሁ። በከተማው ሜዳ ላይ በየእሑዱ የኖራ መስመር የማሰምረው እኔ ነበርኩ። በሁለት ምስማርና በአንድ ሲባጎ እንደኔ ቀጥ ያለ መስመር የሚያወጣ ሰው በዚህ አገር ፈልጉ፤ አታገኙም። ይህን የምለው ለመኩራት ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም። ትምህርት ቤትም አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት የሜዳው አጥር ላይ ከተለጠፈው የእጅ ሕግ ነው። ሌላው ልጅ መጀመሪያ «በሬ» ወይም «ላም» ብሎ ሲያነብ፣ እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «የነካ» የሚል ነበር። ሕጉን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ እወጣዋለሁ። አስፈጻሚዎቹ ግን አንብበውት አያውቁም፤ አባቶቻቸው ሲያወሩት ሰምተው ነው የሚያስፈጽሙት።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ «በሜዳ ላይ የወደቀን ተጫዋች ያለ ፈቃድ የነካ ማንኛውም ሰው፣ በወዳቂው ላይ ለሚቀረው ጉዳት ሁሉ ባለቤት ይሆናል።»

ልብ በሉ፤ ተጠያቂ ይሆናል አይልም። ባለቤት ይሆናል ነው የሚለው። ልዩነቱን ለማወቅ ጋሽ ወንዳፍራሽን ማየት ነው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። አንድ እሑድ ጥጋቡ የሚባለው አጥቂያችን እፊታቸው ሲወድቅ «አይዞህ ልጄ» ብለው በእጁ ጎትተው አነሱት። የጥጋቡ ቁርጭምጭሚት ተጣሞ ዳነ፤ ማነከስ ጀመረ። ነገሩ ወደ ሜዳ ችሎት ሄደ። ዳኛው ብዙም ሳይቸገር ማነከሱን ለጋሽ ወንዳፍራሽ ፈረደላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ወንዳፍራሽ ከቤታቸው እስከ ፀጉር ቤታቸው በግራ እግራቸው እያነከሱ ይሄዳሉ። ጥጋቡ ደግሞ እንዳያነክስ ተከለከለ፤ የሰው ንብረት ነዋ። ምስኪኑ በአደባባይ ሲሄድ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ቀጥ ለማለት ይታገላል። አንድ ቀን የሜዳ ፖሊስ ገበያ መሃል ያዘው።

«አንተ! የሰው ማነከስ ይዘህ ወዴት ነው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው። መንገዱ ነው የተጣመመው።»

መንገዱ ተለካ። ቀጥ ያለ ሆኖ ተገኘ። ጥጋቡ ታሰረ።

እኔም አንድ ጠዋት ጋሽ ወንዳፍራሽን ሰው በሌለበት መንገድ ላይ አገኘኋቸውና፣ «ጋሼ፣ አሁን ማንም አያይዎትም፤ ደልደል ብለው ይሂዱ እንጂ» አልኳቸው። ቆም አሉ። ግራ እግራቸውን አዩት። «ትርንጎዬ፣ እንዴት እንደሚኬድ ጠፋኝ» አሉኝ።

በትልቁ ከተማ በደሞዝ ለሚጫወቱት ይህ ሕግ አይሠራም። «የተቀጣሪ እግር የቀጣሪው ነው» የሚል አንቀጽ አላቸው፤ ገና ሲሰናከሉ አራት ሐኪም ይከባቸዋል። የእኛዎቹ ዳቦ ጋጋሪ፣ አናጢ፣ ጫማ ሰፊ ናቸው፤ የሚጫወቱት ስለሚወዱት ነው። እግራቸው የራሳቸው ነው። ስለዚህ ማንም አይነካውም።

ሌላም ነገር አለ። ከተማችን የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተብላ ለሁለት ተከፍላለች። ሁለቱም «ሜዳውን አልለቅም» ስላሉ ወሰኑ በሜዳው መሃል እንዲያልፍ ተደረገ። እኔ በየእሑዱ የማሰምረው የመሃል መስመር እንግዲህ የኳስ መስመር ብቻ አልነበረም፤ ወሰንም ነበር። የላይ ሰፈር ሐኪም ፈቃዱ እስከ ኖራው ድረስ ነው። ከኖራው ወዲህ የታች ሰፈር ሐኪም ይነካል። ይነካ ነበር ማለቴ ነው። የታች ሰፈር ሐኪም በየጊዜው የወረሳቸው ጉዳቶች በዙበት። አንገቱን ማዞር አይችልም ተባለ፤ በአንድ ጆሮው መስማት አይችልም ተባለ፤ በመጨረሻ በፊት ጥርሱ መንከስ ተከለከለ። አንድ ሰኞ ጥሎን ሄደ። በር ድረስ ሄደን ስንጠራው በሕግ መስማት በተከለከለው ጆሮው በኩል ስለነበርን ሊሰማን አልቻለም። ቦታው እስካሁን ክፍት ነው። አመልካች የለም።

ደግሞ የውድቀት ሹም የሚባል ባለሥልጣን አለ፤ አቶ ዘርፉ ይባላል። ተጫዋች ሲወድቅ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠገቡ ይቆምና «ሐኪም ይንካህ ወይ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። የወደቀው «ይንካኝ» ካለ፣ ሐኪም ባለበት ሰፈር ነገሩ ቀላል ነው። ዝም ካለ ግን እንደየሰፈሩ ነው። በላይ ሰፈር ዝምታ እሺ ማለት ነው። በታች ሰፈር ዝምታ እምቢ ማለት ነው። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሕጉ ውስጥ «ለምን» የሚል ቃል የለም፤ ፈልጌዋለሁ።

የታች ሰፈር ልጆች ምን ይሁኑ? መላ ዘየዱ። አሰልጣኛችን ቦጋለ ሩጫና ቅብብል ማሠራቱን ተወና መንከባለል ያሠራ ጀመር። ጡንቻ ሲሸመቅቅህ፣ ጉልበትህ ሲዞር፣ ምንም ይሁን ምን፣ መስመሩን እስክታልፍ ተንከባለል። ከዳር ሆኖ እንደ እብድ ይጮሃል፦

«ወደ ላይ ውደቁ! ስንት ጊዜ ልንገራችሁ! ወደ ላይ ውደቁ!»

በዚህ የተነሳ ጨዋታችን ሁሉ በላይኛው ግማሽ ሜዳ ሆነ። የምናጠቃ እየመሰላቸው የሚያደንቁን አሉ። እውነቱን ግን እናውቀዋለን፤ ልጆቹ ለሐኪሙ ቅርብ ሆነው መጫወት ፈልገው ነው።

በመንከባለል የሚወዳደረው ያልነበረው የእኔ ታላቅ ወንድም ንጋቱ ነው። አንዴ እራሳችን በር ሥር ጉልበቱ ዞሮበት፣ ግማሽ ሜዳውን በሙሉ ተንከባሎ ሐኪሙ እግር ሥር ሲደርስ፣ ጎል ሲገባ እንኳ ያልተሰማ ጭብጨባ ተሰማ። ተነስቶ እጅ ነሣ።

ንጋቱ ዳቦ ጋጋሪ ነው። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ የቀረነው እሱና እኔ ነን። በምላስ የሚያሸንፈኝ ሰው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። ይህን ማመን አልወድም፤ ግን እውነት ነው። ያን እሑድ ጠዋት ኖራዬን ሳፈስ መጥቶ አንገቱን ዘመም አድርጎ መስመሬን አየው።

«ትርንጎ፣ ዛሬ ጠመም አላለብሽም?»

«ዓይንህ ነው የጠመመው። ትናንት የጋገርከውን ዳቦ ሲያይ ውሎ።»

«ዳቦዬስ ቢጠምም ይበላል። ይሄን ምን ልታደርጊው ነው? በሻይ?»

ምን ብዬ እንደምመልስለት ሳስብ ሮጦ ሄደ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ይዞ ይሮጣል።

ጨዋታው ከላይ ሰፈር ጋር ነበር። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኮርና አገኙብን። ኳሷ ወደ በራችን ስትመጣ ንጋቱና አንድ የላይ ሰፈር ልጅ እኩል ዘለሉ። ራስና ራስ ተጋጩ። ድምፁን ሰማሁት፤ የት እንደነበርኩ ብትጠይቁኝ አላስታውስም፣ ድምፁን ግን አስታውሳለሁ። የላይ ሰፈሩ ልጅ ግንባሩን ይዞ እየተንገዳገደ ወደ መስመሩ ሮጠ። ንጋቱ በጀርባው ወደቀ። በታች ሰፈር። እበራችን ሥር። ከመስመሩ በጣም ርቆ።

ፊሽካ ተነፋ። ሁሉም ባለበት ቆመ፤ ሕጉ ነው። ከወደቀው ሰው ዙሪያ ያሉት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፣ እንዳልነኩ እንዲታይላቸው።

ንጋቱ ማንኮራፋት ጀመረ።

«ተኛ እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ።

«ሌሊቱን ሲጋግር አድሮ ነው፤ እዘኑለት።»

ተሳቀ። ቀጥሎ ማንኮራፋቱ እየከበደ፣ እየተቆራረጠ ሲሄድ ሳቁ እየቀነሰ መጣ። አሰልጣኝ ቦጋለ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«ንጋቱ! ተንከባለል! ና ወደ ላይ! ተንከባለል!»

ታች ሰፈር በሙሉ ተቀበለው። «ተንከባለል! ተንከባለል!» እያጨበጨበ። ብዙዎቹ ከልባቸው ነበር። ሴቶች እያለቀሱ «በማርያም ንጋቱ፣ ተንከባለል እንጂ!» ይሉ ነበር። የላይ ሰፈር ሰዎችም አብረውን ጮኹ፤ ክፉዎች አይደሉም። ንጋቱ ግን አልሰማም።

አቶ ዘርፉ እጆቹን አጣምሮ ረጋ ብሎ መጣ። ከንጋቱ ራስ በላይ ቆመ።

«ሐኪም ይንካህ ወይ?» ጠበቀ። «ሐኪም ይንካህ ወይ?» ጠበቀ። ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ አየ። «ሐኪም ይንካህ ወይ?» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ዝም ብሏል። በታች ሰፈር ነው። ስለዚህ እምቢ ብሏል።»

«እምቢ አላለም!» አልኩ፤ አጠገቡ ደርሼ ነበር። «ራሱን ስቷል!»

«ራሱን መሳቱን በአንደበቱ አላረጋገጠም።»

«እንዴት አድርጎ ያረጋግጥ?»

«እኔ የውድቀት ሹም ነኝ እህቴ። የመናገር ሹም አይደለሁም።»

ዘወር ብዬ የላይ ሰፈሩን ሐኪም ፈለግኩት። አርአያ ይባላል። ቦርሳውን ይዞ የጫማው ጫፍ ኖራውን ሊነካ እስኪል ድረስ መስመሩ ላይ ተጠግቶ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ከወሰን አልፎ ምክር መስጠትም እንደመንካት ስለሚቆጠር፣ ሰማይ ሰማዩን እያየ ነበር የሚጮኸው፦

«እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው! አንድ ሰው፣ የሆነ አገር ውስጥ፣ ወድቆ ቢያንኮራፋ፣ ጉሮሮው እየተዘጋ ነው ማለት ነው! የሚያውቅ ሰው ቶሎ ሊደርስለት ይገባል! አንገቱም ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ዝም ብሎ የሚጎትተው ሰው እንዳይኖር! ለጨዋታ ነው!»

«ሐኪም» አለ አቶ ዘርፉ፣ «ድምፅዎ መስመሩን አልፏል።»

ሐኪሙ አፉን በእጁ ያዘ።

እኔ ራሴ ለምን አልነካሁትም? ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን ብዬዋለሁ። ጉልበቴ አጠገቡ መሬት ላይ ነበር። እጄ እየሄደ ነበር። ግን ሕጉን አውቀዋለሁ ብያችኋለሁ፤ ሁለተኛው አንቀጽ ነው እጄን የያዘው። ያለ ፈቃድ አንዴ የተነካ ወዳቂ ጉዳቱ የክርክር ንብረት ይሆናል፤ ችሎት እስኪሰየም ድረስ ማንም ሐኪም አይነካውም። ችሎቱ ደግሞ የሚቀመጠው ረቡዕ ነው። እኔ መስመር ማስመር እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ መክፈት አላውቅም። ብነካው ከእኔ ሌላ ማን ሊረዳው ይችላል? እስከ ረቡዕ?

ተነሣሁ። ሮጥኩ። ሕዝቡ ሸሸሁ መስሎት «ውይ፣ እህቱ!» አለ። የኖራ ባልዲዬ ከሜዳው ዳር ነበር። አንጠልጥዬው ወደ መሃል መስመሩ ሄድኩና ሐኪሙ እግር ሥር ካለው ኖራ ጀመርኩ። እየሮጥኩ አፈሰስኩ። ሲባጎ የለ፣ ምስማር የለ። ከመሃል መስመሩ ተነሥቼ ወደ በራችን፣ በንጋቱ ራስ በኩል፣ በበሩ ቋሚ ሥር፣ በእግሮቹ በኩል ዞሬ፣ ተመልሼ ወደ መሃል መስመሩ። መሃል ላይ የነበረውን አሮጌ መስመር በሁለቱ ጫፎች መካከል በእግሬ አጠፋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያለ አስቀያሚ መስመር አውጥቼ አላውቅም። እንደ አንጀት ተጥመልምሎ ነበር።

በመመለሻዬ ላይ እያለሁ ማንኮራፋቱ ቆመ። የቆመው ስለተሻለው አልነበረም።

«ሐኪም፣ ግባ!» አልኩት። «ላይ ሰፈር ነው!»

ሐኪሙ አንድ እግሩን አንሥቶ አቶ ዘርፉን አየው። እግሩ አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አቶ ዘርፉ ኖራውን እያየ።

«መስመር ነው።»

«ወሰኑ እዚህ አይደለም የነበረው።»

«ሕጉ ወሰኑ የት ነው ይላል? ‹ወሰኑ በሜዳው ላይ ያለው ነጭ መስመር ነው› ይላል። ነጭ አይደለም?»

«ነጭ ነው፣ ግን—»

«መስመር ነው ወይስ አይደለም? አይደለም ካልክ ንገረን። በየእሑዱ የማሰምረው እኔ ነኝ፣ ኖራው ያው ኖራ ነው፣ እጁም ያው እጅ ነው። ይሄ መስመር ካልሆነ ከዚህ በፊት ያሰመርኩትም መስመር አልነበረም። እንግዲያው አንተ እስከ ዛሬ በምን ላይ ስትሾም ኖርክ?»

አቶ ዘርፉ ብዙ ዓመት በዚያ መስመር የከበረ ሰው ነው። አጎነበሰ። ኖራውን በቅርብ አየው። የንጋቱ ከንፈር እየጠቆረ ነበር፤ እሱ ግን ኖራውን ነው የሚያየው።

«ጠማማ ነው» አለ።

«አዎ ጠማማ ነው! ሕጉ ቀጥ ያለ ይላል?»

«አይልም» አለ አንድ ድምፅ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ነበሩ። አንብበውት ይሁን ለእኔ ብለው እስከ ዛሬ አላውቅም።

«መስመር ነው» አለ አቶ ዘርፉ በመጨረሻ። ሐኪሙ እየሮጠ መጥቶ በጉልበቱ ወደቀ። እጆቹን ሲዘረጋ ግን አቶ ዘርፉ «ይቆዩ!» አለው። «የጠየቅኩት በታች ሰፈር ሳለ ነው። አሁን ሰፈር ቀይሯል። እንደገና መጠየቅ አለበት።»

ጠየቀ። ሦስቱንም ጊዜ። በየመሃሉ ጠበቀ። የሐኪሙ እጆች ከወንድሜ ደረት በላይ ተንጠልጥለው ሲጠብቁ አየኋቸው። እኔ ጥርሴን ነክሼ የአቶ ዘርፉን አንገት እያየሁ ነበር፤ ቀጭን አንገት ነው።

«ዝም ብሏል» አለ አቶ ዘርፉ። «በላይ ሰፈር ነው። ስለዚህ እሺ ብሏል።»

ዝምታው ያው ዝምታ ነበር። የተቀየረው ኖራው ነው።

ሐኪሙ ሠራ። ምን እንደሠራ ልነግራችሁ አልችልም፤ አገጩን ቀና ሲያደርግ፣ አፉን ከፍቶ ሲያጸዳ፣ ሲተነፍስለት አየሁ፣ ከዚያ ወዲያ ሣሩን ነው ያየሁት። በመጨረሻ ንጋቱ እንደ ሰመጠ ሰው አንድ ትልቅ ትንፋሽ ሳበ። ታች ሰፈር አለቀሰ። ላይ ሰፈር «የእኛ ሜዳ ላይ ነው የዳነው» ብሎ አጨበጨበ።

ሲነቃ አየኝ። አወቀኝም። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

ሐኪሙ ወደ ጎን ወስዶ ነገረኝ። ትንፋሹ ተቋርጦ የቆየበት ጊዜ ነው የጎዳው አለ። መናገር ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። «ትንሽ ቀደም ብዬ ብደርስ…» አለና ቦርሳውን ዘጋ። የዘገየው እሱ አልነበረም።

ረቡዕ ችሎቱ እዚያው ሜዳ ዳር ተሰየመ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የንጋቱ ዝምታ የማን ነው? የእጅ አቃቤ ሕግ ተነሣ። ሽቶ የተቀባ ወጣት ነው።

«ሐኪሙ በፈቃድ ነው የነካው፤ አይወርስም። ነገር ግን ተከሳሿ ኖራ ስታፈስ የኖራው ብናኝ የወዳቂውን ካልሲ ነክቷል። ካልሲው እዚህ አለ። ኖራው የወጣው ከእጇ ነው። ስለዚህ እጇ ነክቶታል።»

«ክቡር ዳኛ» አልኩ፣ «ኖራ እጅ ከሆነ፣ በየእሑዱ ሃያ ሁለት ሰው በታኬታ እጄን ሲረግጠኝ ኖሯል። ይሄ ወጣትም ዛሬ ሲገባ መስመሬን አቋርጦ ነው የመጣው፤ ጫማው ነጭ ነው፣ እዩት። ስለዚህ እጄን ይዞ ነው የቆመው። ይልቀቀኝ።»

ሕዝቡ ሳቀ። አቃቤ ሕጉ ጫማውን ከጠረጴዛ ሥር ደበቀ። ዳኛው አልሳቀም።

«ይህች ልጅ ብዙ ትናገራለች» አለ።

«ለጊዜው ነው ክቡር ዳኛ» አለ አቃቤ ሕጉ።

ተፈረደ። የንጋቱ ዝምታ ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆነ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንዳልናገር፤ እሱ ደግሞ የሰው ዝምታ እንዳይጠቀም፣ ማለት ዝም እንዳይል ታዘዘ። እኔ ከተናገርኩ ንብረቴን እንደጣልኩ ይቆጠራል። የተጣለ ጉዳት ደግሞ ቀጥሎ ወዳቂውን ወደነካው ሰው ይተላለፋል። ሐኪም አርአያ ዲዳ ይሆናል፤ ዲዳ ሐኪም ፈቃድ አይኖረውም፤ ላይ ሰፈርም እንደኛ ባዶ ይቀራል። ዳኛው «ገባሽ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሊያመሰግነኝ ምንም አልቀረውም።

መናገር ነው የተከለከልኩት። መጻፍ የሚል ቃል ፍርዱ ውስጥ የለም። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ከንቲባው ከዚህ ሁሉ ትምህርት ወሰድን አሉ። የወሰዱት ትምህርት ይህ ነው፤ ኖራ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሆነ የመሃል መስመሩ በድንጋይ ተሠራ። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የድንጋይ ድርድር ሜዳውን ለሁለት ሰንጥቆ ተገነባ። አሁን ተጫዋቾች እየተደናቀፉ ድንጋዩ ራሱ ላይ ይወድቃሉ። ድንጋዩ የየትኛው ሰፈር እንደሆነ እስካሁን አልተወሰነም። እኔም ሥራ ፈታሁ።

እቤት ግን ሌላ ነገር ነበር። የሜዳው ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ቀልድ ይመስለኝ ጀመር። ንጋቱ ጠዋት ተነሥቶ በምልክት ውሃ አይጠይቅም፤ በምልክት መጠየቅ ዝምታን መጠቀም ነው። ስለዚህ ይሞክራል። ከንፈሩ ይሠራል፣ ጉሮሮው ይሠራል፣ ዓይኑ በቤቱ ውስጥ የወደቀበትን ቃል እንደሚፈልግ ሰው ይዞራል። እኔ ቃሉን አውቀዋለሁ። እምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ ሞቅ ብሎ። ጮክ ብዬ ልለው ይገባል፣ ልሰጠው ይገባል፣ እንደ ዳቦ። አልችልም። እሱ ይፈልጋል፣ እኔ ይዤ እቆማለሁ። ስንቱን ቃል እንዲህ ይዤ ቆምኩ። ቤት መቀመጥ አቃተኝ፤ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ሰፈሩ «እብድ ሆነች» አለ። ልመልስላቸው አማረኝ። ዋጥኩት።

በየሰኞው ተቆጣጣሪ ትመጣለች፤ ወይዘሮ እልፍነሽ። ድምፅ የሌለው ጫማ ታደርጋለች። መጀመሪያ እኔን ትመረምራለች። አንዴ በድንገት መርፌ ወግታኛለች፤ እንኳን ቃል ትንፋሽ አላወጣሁም። በዚያ እኮራለሁ። ቀጥሎ ንጋቱን «እንደምን አደርክ?» ትለዋለች። «እ…» ይላል። «ተናግሯል» ብላ ትሄዳለች። እንዲህ ቆየን።

አንድ ሰኞ ግን መጥታ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «አለቆቼ ‹እ› ቃል አይደለም ብለዋል» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ቃል ካልወጣ ስርቆት ነው። እኔ ደግሞ ይዤው መሄድ አለብኝ። አዝናለሁ። ስምህ ማን ነው?»

ንጋቱ አየኝ። ምን ልሁን? ስሙ አፌ ውስጥ ሞልቷል። ብናገር ሐኪሙ ይጠፋል፤ ባልናገር እሱ ይወሰዳል። መሬት መሬቱን አየሁ። ስሙን ዓይኔ ውስጥ እንዳያነበውና እሷ «ቃሉ ተሰጠው» እንዳትል።

«ስምህን» አለች።

የአንገቱ ሥር ተገተረ። ላቡ ከግንባሩ ወረደ። «ው…» አለ። «ው…» ውሃ ሊል መሰለኝ። ውሃ በል፣ ምንም ይሁን በል። «ውጪ» አለ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ከቦርሳዋ ቀና አለች።

«ምን አልክ?»

«ውጪ!» አለ ወንድሜ። በጣቱ ሳይሆን በአፉ።

ወይዘሮ እልፍነሽ መቆጣትዋን ረሳች። ከደስታዋ ብዛት ተነሥታ ቆመች። «ቃል ነው! እኔ ራሴ ሰምቻለሁ፣ ለእኔ ነው የተባለው! እንግዲህ ዝምታው የለም ማለት ነው። የሌለ ነገር ባለቤት የለውም።» ወደ እኔ ዞረች። «ትርንጎ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምንም የለሽም። መናገር ትችያለሽ።»

አፌን ከፈትኩ። ያጠራቀምኩትን አታውቁትም። ለዳኛው የሚሆን ነበረኝ፤ ለዚያ ሽታም አቃቤ ሕግ የሚሆን ነበረኝ፤ ለአቶ ዘርፉ ቀጭን አንገት፣ ለከንቲባው ድንጋይ፣ ለእሷም መርፌ ለብቻው ያዘጋጀሁት ነበረኝ፤ ቃል በቃል የተሰደረ፣ የተወለወለ።

ንጋቱ እጁን አነሣ። ቆዪ እንደማለት። ላቡ ገና አልደረቀም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለተኛውን ቃል እየፈለገ ነበር።

አፌን ዘጋሁ።

«ተናገሪ እንጂ» አለች ወይዘሮ እልፍነሽ፣ «ተፈቅዶልሻል እኮ።»

በእጄ ወንበሩን አሳየኋት። ግራ ገብቷት ተቀመጠች። ጠበቅን።